ኔክ ሀምባከር ስንገዛ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ፒካፕ፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ማግኔትና ጥቅል ሽቦ፣ ገዝቶ "አልተመቸኝም፣ ውሰዱልኝ" ማለት የለም። ወይ ከአዲስ አበባ በሰው ይመጣል፣ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ከሽቶና ከጫማ መሀል ሸጉጦ ያመጣዋል። ከተሳሳታችሁ ዕቃው እናንተው ጋር ቀረ። እኔ ቤት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እንዲህ የቀሩ ሁለት ፒካፖች አሉ። ሦስተኛው ሌላ ሥራ አግኝቷል፣ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ስህተት "ኃይለኛው ይሻላል" የሚለው ነው።

የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ሊመጣ ሲል "ምን ላምጣልህ?" አለኝ። "ከሁሉም ኃይለኛውን" አልኩት። ለሄቪ ሜታል የተሠራ፣ ባለ ሴራሚክ ማግኔት ሀምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒካፕ) ይዞልኝ መጣ። በደስታ ኔክ ላይ፣ ማለትም በጊታሩ አንገት በኩል፣ አስገባሁት። ቅዳሜ ዓባይ ማዶ ሰርግ ነበረን። ትዝታ ጀመርን። ከጊታሬ የሚወጣው ድምፅ ግን ጋቢ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ዘፋኛችን ዞር ብሎ "እየተጫወትክ ነው?" አለኝ።

ምክንያቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ወፍራሙን ስድስተኛ ክር ምንም ፍሬት (በአንገቱ ላይ ያለውን የብረት መስመር) ሳትይዙ ምቱትና ከጎን እዩት። ክሮቹ ታች በሚያርፉበት በብሪጁ አጠገብ እምብዛም አይነቃነቅም። ወደ አንገቱ በተጠጋ ቁጥር ግን ሰፋ አድርጎ ይወዛወዛል። ስለዚህ ያው አንድ ፒካፕ ብሪጅ ላይ ሲሆን ቀጠን፣ ኔክ ላይ ሲሆን ደግሞ ጮክና ወፈር ይላል። ክሩ ራሱ ጉልበት በሚሰጥበት ቦታ ላይ ሌላ ጉልበት መጨመር ድምፁን ያደፈርሰዋል። ፋብሪካዎች ጥንድ ፒካፕ ሲሸጡ አብዛኛውን ጊዜ የኔኩን ቀነስ አድርገው የሚጠመጥሙት ለዚህ ነው። የድሮዎቹን ዓይነት ድምፅ የሚሰጡ የኔክ ሀምባከሮች በአብዛኛው ከ7 እስከ 8 ኪሎ ኦም አካባቢ ናቸው።

ኦም ካልን ሁለተኛው ስህተት እሱ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት። ኦም የሚነግራችሁ የሽቦውን ሬዚስታንስ እንጂ የድምፁን ጉልበት አይደለም። 43 ቁጥር ሽቦ ከ42 ቁጥር ይቀጥናል። በእኩል ዙር ቢጠመጠም እንኳ ኦሙ ከፍ ይላል። ማግኔቱም የራሱ ድርሻ አለው። አልኒኮ 2 የሚባለው ማግኔት ለስለስ ይላል፣ አልኒኮ 5 ቤዙ ጠበቅ፣ ላይኛው ድምፅ ጥርት ይላል። ሴዝ ላቨር የሚባለው የጊብሰን መሐንዲስ በ1955 ለፈጠራው የባለቤትነት ጥያቄ ያስገባበትን ሀምባከር እስካሁን ሰው ሁሉ ይቀዳዋል። የዚያ ዘመን ፒካፖች ግን ራሳቸው ሲለኩ ኦማቸው አንድ አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ኪቦርድ ባለበት ባንድ ለሚጫወት ሰው ቀለል ብሎ የተጠመጠመ አልኒኮ 5 እመርጣለሁ። ሌላው ሰው አልኒኮ 2 ይላችኋል፣ አልጣላውም።

ሦስተኛው ስህተት ብቻውን ሰምቶ መፍረድ ነው። ማታ መኝታ ቤት ቁጭ ብላችሁ ስትሞክሩት ወፍራም ድምፅ ማር ነው። እዚህ ግን ሰርግ ላይ የኪቦርዱ ግራ እጅ ቤዙን ይዞታል፣ ቤዝ ጊታር ካለ እሱም እዚያው ነው። ለእናንተ የሚተርፈው መሀሉ ነው። ብቻውን "ትንሽ ቀጠነ" ያላችሁት ፒካፕ ከባንዱ ጋር ልክ ሆኖ ይገኛል።

እኔ ፒካፕ የምፈትሸው በአንቺሆዬ ነው። ትዝታና ባቲ ላይ ዘገም ያለ ዜማ ስትጫወቱ ደብዛዛ ፒካፕም ሊያታልላችሁ ይችላል። አንቺሆዬ ግን ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉት፤ ከዶ ከጀመራችሁ ዶና ሬ ቤሞል፣ ፋና ሶል ቤሞል። እነዚህን ታች በወፍራሞቹ ክሮች ላይ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን እያስከተላችሁ ምቱ። ሁለቱ ለየብቻ ከተሰሙ ፒካፑ ጥሩ ነው። ተለውሰው አንድ ጉርምርምታ ከሆኑ ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ወይም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ካቻቢቴ አንሡ። ይህን አለማድረግ አራተኛው ስህተት ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም የምናደድበት። ሽምብጥ ሰፈር ያለ ጓደኛዬ "ኔኩ ደብዛዛ ነው፣ ይቀየርልኝ" ብሎ ጊታሩን አመጣው። ፒካፑ ክሩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የመጨረሻውን ፍሬት ይዘን በማስመሪያ ለካነው፤ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በሁለቱ ጎን ያሉትን ብሎኖች አዙረን በወፍራሙ ክር በኩል ወደ 3፣ በቀጭኑ በኩል ወደ 2 ሚሊ ሜትር አወረድነው። ከዚያ በቀጫጭኖቹ ክሮች ሥር ያሉትን የፒካፑን ብሎኖች ትንሽ ከፍ አደረግናቸው። ጓደኛዬ መታው፣ አየኝ፣ "ቀየርከው እንዴ?" አለኝ። የወጣው ወጪ አንድ ማኪያቶ ነው፣ እሱም የእሱ። ፒካፕ ሲጠጋ ማግኔቱ ክሩን ይስበዋል፣ ድምፁ ቶሎ ይሞታል፣ ላይኛው ፍሬቶች ላይ ደግሞ የተዛባ ቃና ያመጣል።

ስፋቱን ሳይለኩ ማዘዝም አለ። ከአንደኛው ክር እስከ ስድስተኛው፣ ልክ ፒካፑ በሚቀመጥበት ቦታ ለኩ። የኔክ ሀምባከር ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሰፊው የብሪጅ ዓይነት ደግሞ 52 ወይም 53። ፎቶ ላይ አይለዩም።

የሽቦው ቀለም ላይ ቀስ በሉ። ብሪጁ የአንድ ድርጅት፣ ኔኩ የሌላ ከሆነ ቀለሞቹ አይግባቡም። ሲይሞር ደንከን ላይ ዋናው ሽቦ ጥቁር ነው፣ ዲማርዚዮ ላይ ቀይ። በአንዱ የሽቦ ሥዕል ሌላውን ከበየዳችሁት፣ መቀየሪያው መሀል ላይ ሆኖ ሁለቱም ሲሠሩ ፒካፖቹ ይጣላሉ፤ ድምፁ ቀጭን፣ በስልክ የሚመጣ ይመስላል። እኔን ጊዮርጊስ አካባቢ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው መላውን ያሳየኝ። ባለ መርፌ ቴስተር ከፒካፑ ሽቦዎች ጋር አገናኘ፣ ካቻቢቴ ፒካፑ ላይ አስቀምጦ ቶሎ አነሣው። መርፌው ወደ ቀኝ ዘለለ። ሁለተኛውንም በዚያው አኳኋን ሞከረ፣ ወደ ግራ ዘለለ። "ተቃራኒ ናቸው" አለ፣ በቃ። ብረት ክዳን ያለውና ባለ አንድ ሽቦ ፒካፕ ከሆነ ሽቦዎቹን ዝም ብላችሁ አትገልብጡ። ክዳኑ ከዋናው መስመር ጋር ይገናኝና ጩኸት ይጀምራል።

ስለ ጩኸት አንድ ነገር። ሀምባከር ሁለት ጥቅል አለው፣ ጥምጥማቸውና ማግኔታቸው ተቃራኒ ነው፣ ስለዚህ ከትራንስፎርመርና ከመብራት መስመር የሚመጣውን የ50 ኸርዝ እምምታ ያጠፋል። የአዳራሹን መጥፎ መስመር ግን አያስተካክልም። ክሩን ስትነኩ የሚቀንስ ጩኸት ካለ ፒካፕ አትግዙ፣ የጊታሩን ውስጥ አስፈትሹ።

ነጠላ ጥቅል ከነበረው ጊታር ላይ ሀምባከር የምታስገቡ ከሆነ የቮሊዩሙን ፖት (ቁልፉ ሥር ያለውን ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ተመልከቱ። 250 ኪሎ ኦም ከሆነ ጥራቱን ይበላዋል፣ 500 አድርጉት። ርካሽ ነው፣ ከፒካፑ ጋር አብራችሁ እዘዙ።

ያ የሄቪ ሜታል ፒካፕ አሁን ብሪጅ ላይ ነው ያለው። እዚያ ጎበዝ ነው። የአጎቴ ልጅ በቀደም ደውሎ "ወደድከው?" ሲለኝ "በጣም" አልኩት፣ የት እንዳለ ሳልነግረው።