የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ጎጆ ሲከራዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ራሱን የቻለ ጎጆ ወጥ ቤቱም፣ መኝታውም፣ መታጠቢያውም ለብቻ ነው፤ አብሳይም ሆነ ከኋላዎ እየተከተለ የሚያነሳ ሰው የለም። አጥር ከሌለው ደግሞ ደጃፉ የእንስሳቱ መተላለፊያ ነው።

መስኮት "ለአንድ አፍታ" ከፍቶ መውጣት

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። ዝንጀሮ የበር እጀታ ተጭኖ መክፈት፣ ተንሸራታች መስኮት መግፋት ያውቅበታል፤ ከገባ ማቀዝቀዣውንም አይምርም። ስለዚህ መግጠም ብቻውን አይበቃም፣ ይቀርቅሩት። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ፍራፍሬ በመስታወት በኩል ስለሚታየው ቁም ሣጥን ውስጥ ይክተቱት። ነጥቆ ከሄደም ይተዉለት፤ ክራንቻው ቀላል አይደለም።

የቆሻሻ ከረጢት በረንዳ ላይ ማሳደር ጅብ መጥራት ነው። መኪናም ጓዳ አይሆንም። ዝሆን ባለበት ስፍራ መኪና ውስጥ ያደረ ብርቱካን ሽታው ከሩቅ ይጠራዋል፣ እሱ ደግሞ በር ለመክፈት ቁልፍ አይፈልግም። "የሙዝ ልጣጭ ይበሰብሳል" ብሎ ወደ ቁጥቋጦ መወርወርም ያው ነው፤ የሰው ምግብ የለመደ እንስሳ እየደፈረ ይመጣና ብዙ ጊዜ መጨረሻው ጥይት ይሆናል።

ሶላሩን እንደ ከተማ መብራት መቁጠር

የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያና የፀጉር ማድረቂያ እያንዳንዳቸው ከ1000 እስከ 2000 ዋት ይስባሉ፤ የኤልኢዲ አምፖል ግን አብዛኛውን ጊዜ 10 ዋት አይሞላም። ጭነቱ ሲበዛ ኢንቨርተሩ (የሶላሩን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚሆን ኤሌክትሪክ የሚያደርገው መሣሪያ) ራሱን ያጠፋል፣ በእሱ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ካለም አብሮ ይቆማል። ውሃ በጋዝ ያፍሉ፤ ስልክና የካሜራ ባትሪ ፀሐይ ሳለች ይሙሉ።

የጋዝ ሲሊንደር ከቀየሩ መገጣጠሚያውን የሳሙና አረፋ ይቀቡት። አረፋው እየተነፋ ከመጣ ጋዙ ያፈስሳል፤ ቫልቩን ዘግተው በርና መስኮት ይክፈቱ፣ ማብሪያ ማጥፊያ አይንኩ። በጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ለማቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ ሥጋውን በረዶ አድርገው ይዘው ይምጡ።

የበረንዳ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ማብራት

መብራቱ ነፍሳትን ይስባል፣ ነፍሳቱ እንቁራሪትና እንሽላሊትን፣ እነሱ ደግሞ እባብን። ለደህንነት ያበሩት መብራት የማይፈልጉትን እንግዳ ደጅዎ ያመጣል። ሲተኙ ያጥፉት። ውጭ ያደረ ጫማ ሳይለብሱ በፊት ገልብጠው ያራግፉ። አልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ካለዎት ወለሉን ይቃኙበት፤ ጊንጥ በብርሃኑ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል።

"መኪናው እዚሁ ነው" ብሎ ማታ መውጣት

ጉማሬ ሣር ሊግጥ ከውሃ የሚወጣው ማታ ነው፤ በእሱና በውሃው መካከል መገኘት ክፉ ነገር ነው። የሚያስፈልግዎትን ሳይመሽ ያውጡ። ግድ ከሆነ በሩን ከመልቀቅዎ በፊት ግራ ቀኙን በእጅ ባትሪ ይቃኙ፤ የሚያንጸባርቅ ዓይን ካዩ ሳይሮጡ ፊትዎን ሳያዞሩ ይመለሱ።

እሳቱን በአመድ አዳፍኖ መተኛት

ከዛፍ ሥር የወደቀ እንጨት የነፍሳትና የትናንሽ እንስሳት ቤት ስለሆነ አይልቀሙ፤ ከውጭ የመጣ እንጨትም ተባይ ሊያስገባ ይችላልና ከጥብቅ ስፍራው ሠራተኞች ይውሰዱ። ላይ ላዩን የነጣ አመድ ሥሩ ፍም ይዞ ሊያድር ይችላል፣ ንፋስ ሲነሳ ደረቅ ሣር ላይ ይወድቃል። ውሃ አፍስሰው ያማስሉት፣ እንደገና ያፍስሱ፤ ከዚያ የእጅዎን ጀርባ ጠጋ አድርገው ይሞክሩት። ሙቀት ከተሰማዎት ገና አልጠፋም።