ሎግ በቀጥታ ወደ ፋይል ስታስቀምጡ እነዚህን ስህተቶች አስወግዱ

ሊኑክስ ላይ የሲስተሙን መልእክት (ሎግ) በ«ቴይል» ወይም በ«ጆርናልሲቲኤል» እየተከታተሉ ወደ ፋይል መላክ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ክፋቱ፣ ትእዛዙ ተሳስቶም ዝም ብሎ ይሄዳል። ጉዱ የሚወጣው ፋይሉ ያስፈለጋችሁ ቀን ነው።

በ> ፋንታ >> አለመጠቀም። ነጠላዋ ምልክት ትእዛዙ ገና ሳይነሳ ፋይሉን ባዶ ታደርገዋለች። የትእዛዙን ስም ራሱ ተሳስታችሁ ብትጽፉት እንኳ የትናንቱ ሎግ ሄዷል። ድርቧ ግን ከነበረው ቀጥላ ትጽፋለች።

የስህተት መልእክቶችን መርሳት። እነሱ የሚወጡት በሌላ መውጫ፣ በቁጥር 2 ነው። ካላዘዛችኋቸው ስክሪኑ ላይ ይቀራሉ። 2>&1 ጨምሩ፤ ግን ከፋይሉ ስም በኋላ። ሼሉ (ትእዛዛችሁን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚያነብ ከፊት ብታስገቡት አይሠራም።

ማጣሪያ ጨምሮ «ፋይሉ ለምን ባዶ ሆነ?» ማለት። ብዙ ሰው የሚያብደው እዚህ ጋ ነው። ሎጉን በ«ግሬፕ» ታጣሩታላችሁ፤ ስክሪን ላይ መስመሩ ወዲያው ይመጣል። ወደ ፋይል ስትልኩት ግን 0 ባይት! ምንም አልተበላሸም። ግሬፕ ውጤቱ ወደ ስክሪን ካልሄደ መስመሮቹን ሜሞሪ ላይ ያጠራቅማል፤ በሺዎች የሚቆጠር ባይት ሳይሞላ ዲስክ ላይ አይጽፍም። የምትጠብቁት መልእክት በሰዓት አንዴ ብቻ ብቅ የሚል ከሆነ ቀኑን ሙሉ ባዶ ፋይል ልታዩ ትችላላችሁ። ይባስ ብሎ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ ኮንትሮልና ሲን ስትጫኑ የተጠራቀመው አብሮ ይጠፋል። ለግሬፕ «ላይን በፈርድ» (--line-buffered) የሚለውን አማራጭ ስጡት፤ መስመር በመስመር ይጽፋል።

ቴይልን በትንሿ ኤፍ (-f) ማስነሳት። ሎግ ፋይሎችን በየጊዜው የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ሎግሮቴት፣ ሌሊት የፋይሉን ስም ቀይሮ አዲስ ሲከፍት፣ ትንሿ ኤፍ አሮጌውን ይዛ ትቀራለች። ትልቋ ኤፍ (-F) ስሙን ስለምትከተል ወደ አዲሱ ትሻገራለች።

ሱዶ (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚያስነሳው) ሁሉን ይፈታል ብሎ ማሰብ። ፋይሉን የሚከፍተው በሱዶ የተነሳው ትእዛዝ ሳይሆን የእናንተው ሼል ስለሆነ «ፈቃድ የለህም» ማለቱ አይቀርም። ውጤቱን በፓይፕ (በ| ምልክት) ወደ ፋይል ለሚጽፈው «ሱዶ ቲ» (sudo tee) አሳልፉት፤ ትንሿን ኤ (-a) አትርሱ፣ አለዚያ ቲም የነበረውን ያጠፋል።

ዲስኩ ሲሞላ ፋይሉን መሰረዝ። ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ እስከያዘው ድረስ ቦታው አይለቀቅም። ስሙ ጠፍቶ ዲስኩ እንደሞላ ይቀራል። ወይ ፋይሉን ሳትሰርዙ በ«ትራንኬት» ወደ 0 አውርዱት፣ ወይ ጸሐፊውን ፕሮግራም አቁማችሁ እንደገና አስነሱት።