ሃርድ ዲስኩ ሳይሞት፦ ሙሉውን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ

ሃርድ ዲስካችሁ አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ ከፈጀ፣ ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት ስታክ እያደረገ ካስቸገረ፣ ኮፒ ስታደርጉ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ አሁኑኑ አጥፉት። ይህን ጽሑፍ ከስልክ ወይም ከሌላ ኮምፒውተር አንብቡት። እየሞተ ያለ ዲስክ የሚያነብበት ጊዜ የተቆጠረ ነው። ፋይላችሁ መትረፍ አለመትረፉን የሚወስነው ያቺን የቀረች ጊዜ በምን እንዳዋላችኋት ነው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ፎቶ ቤቶችና የሰርግ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። የታመመ ዲስክ ይዘው ሲመጡ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተሞከረ ነገር አለ፦ ቼክ ዲስክ (የዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛ) ተደርጓል፣ የሪከቨሪ ፕሮግራም ሌሊቱን ሙሉ ሲፈትሸው አድሯል፣ አንዱን ፎልደር ለማውጣት ደጋግሞ ኮፒ ተሞክሯል። ይህ ሁሉ በሽተኛውን ማድከም ነው። ዊንዶውስ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው በቀላሉ ትቶ አያልፍም፤ እሱም ይደጋግማል፣ ዲስኩም በውስጡ በራሱ ይደጋግማል። ቼክ ዲስክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ በታመመው ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ የተበላሸ የመሰለውንም የፋይል መዝገብ ቆርጦ ሊጥል ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። መጀመሪያ ዲስኩ ከመጀመሪያው ሴክተር (ዳታ የሚቀመጥበት ትንሿ ክፍል) እስከ መጨረሻው እንዳለ ወደ ጤነኛ ዲስክ ይገለበጣል። ፋይል ፍለጋው፣ ጥገናው፣ ቼክ ዲስኩ ሁሉ ከዚያ በኋላ፣ በቅጂው ላይ ብቻ። በቅርቡ አንድ የቪዲዮ ባለሙያ፣ «ወንድሜ፣ የሰርጉ ብቻ ይውጣልኝ፣ ሌላው ይቅር» አለኝ። ጭንቀቱ ገብቶኛል፤ የሰው ሰርግ ነው፣ ተመልሶ አይቀረጽም። ግን በታመመው ዲስክ ላይ ፎልደር እየመረጥን ስንከፍት ማንበቢያው ራስ ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል፤ ከዳር ጀምሮ በቀጥታ ማንበብ ነው የሚያቀለው። የሰርጉን የመረጥነው ከገለበጥነው በኋላ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ጆሯችሁን ወደ ዲስኩ አስጠጉ። እኩል ጊዜ እየጠበቀ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ የማይሽከረከር ከሆነ፣ ወይም ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ውስጥ ስሙ የማይታይ ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእናንተ አይደለም። ብልሽቱ የሜካኒክ ነው፤ ንጹሕ ክፍልና መለዋወጫ ራስ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል፣ ማብራታችሁ ብቻ ዳታው የተጻፈበትን ሳህን ሊፍቀው ይችላል። ክዳኑን በካቻቢቴ አትክፈቱ፤ ማንበቢያው ራስ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚለካ ከፍታ ስለሆነ ለእሱ የአቧራ ቅንጣት ተራራ ናት። ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት የሚለውንም ምክር እርሱት፤ ስታወጡት እርጥበት ይይዛል።

ድምፁ ደህና ከሆነ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን መዝገብ እዩ። ስማርት ይባላል። «ፓስድ» የሚለው ማጠቃለያ አያጽናናችሁ፤ ፓስድ እያለ የሞተ ዲስክ ብዙ ነው። የሚታዩት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ 5ኛው፣ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች ብዛት ነው፤ 197ኛው፣ ማንበብ አቅቶት በይደር የያዛቸው፤ 198ኛው፣ ሲፈተሹ ጭራሽ እምቢ ያሉት። በ197 ላይ ከዜሮ በላይ ካያችሁና ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ጊዜ አታጥፉ። 199ኛው፣ ዳታ በኬብሉ ሲተላለፍ የተበላሸበት ቁጥር፣ ብቻ ከፍ ብሎ ሌሎቹ ዜሮ ከሆኑ ግን መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ብዙ ጊዜ ዲስኩ ጤነኛ ነው፣ የታመመው ኬብሉ ነው።

አሁን ተቀባዩ ዲስክ። መጠኑ ከአሮጌው እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት፣ ይህም በባይት ነው። አንድ ቴራ ከሚባሉት ዲስኮች አብዛኞቹ 1,000,204,886,016 ባይት ናቸው፤ ላዩ ላይ አንድ ቴራ ተብሎ ትንሽ የሚያንስ ካጋጠማችሁ የመጨረሻዋ ጫፍ አትገባም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አኃዝ አስተያዩ። አገልግሎት የሰጠ ዲስክ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ እነዚያን ቁጥሮች እዩ፤ 5፣ 197 እና 198 ላይ ዜሮ ካልሆነ አትውሰዱ። ተቀባዩ ላይ ያለው ነገር ሁሉ እንደሚጠፋም እወቁ። በውስጡ የሚያስፈልጋችሁ ፋይል ካለ ቀድማችሁ አውጡ።

የምጠቀምበት ፕሮግራም ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ የሠራው አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ ነው። ከተራ ኮፒ የሚለየው አካሄዱ ላይ ነው። የሚቃጠል ቤት የገባ ሰው በር አጠገብ ያለውን ዕቃ ቀድሞ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ያወጣል፤ እምቢ ያለውን ቦታ ምልክት አድርጎበት ዘልሎ ያልፋል፣ ወደ እሱ የሚመለሰው በመጨረሻ ነው። ፕሮግራሙ ሲስተምሬስኪው በተባለው ከፍላሽ የሚነሳ ሊነክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሲስተም) ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ኡቡንቱ የምትጠቀሙ ከሆነ የምትጭኑት ጥቅል ስሙ ጂዲዲሬስኪው ነው፣ የትእዛዙ ስም ግን ጂ የለውም። ከዚህ በታች ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የማስቀምጣቸው፤ ስትጽፉ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ነው፣ ትልቅ ፊደል ካልኩ ብቻ ትልቅ።

ሁለት ፍላሽ አዘጋጁ። አንዱ ሲስተሙ የሚነሳበት ነው። ሌላው ለማፕፋይሉ ነው፣ እሱን እመለስበታለሁ።

ዲስኮቹን ከተቻለ ዴስክቶፕ ላይ በሳታ ኬብል በቀጥታ ስኩ። የዩኤስቢ ኬዝ የታመመ ዲስክ ሲያመነታ ግንኙነቱን ይቆርጣል። ፍጥነትም አለ፤ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት የሚያነብ አንድ ቴራ ዲስክ ጤነኛ ቢሆን ወደ 3 ሰዓት ይፈጃል፣ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ግን ከ8 ሰዓት ያልፋል። ኤክስተርናል ዲስክ ከሆነ ግን ኬዙን ለመስበር አትቸኩሉ። አንዳንዶቹ የዩኤስቢ መሰኪያው ራሱ የዲስኩ ቦርድ ላይ የተበየደ ነው፤ አንዳንዶቹም ዳታውን በኬዙ ቦርድ ላይ ባለ ቺፕ ይመሰጥሩታል፣ ካወጣችሁት አይነበብም።

መብራት። እዚህ ከተማ ላይ ሥራውን የሚያበላሸው ዋናው ነገር መብራቱ መሄዱ ብቻ አይደለም፣ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ጭምር ነው። ዴስክቶፑን በዩፒኤስ አሠሩት። ዩፒኤሱ ሥራውን አያስጨርሳችሁም፤ ኮንትሮልና ሲ ተጭናችሁ በሥርዓት ለማቆምና ኮምፒውተሩን ለማጥፋት ግን ይበቃል። ዲስኩ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይቀመጥ፣ እየሠራ አይነካ፣ ትንሽ ቬንትሌተር ይዙርለት።

ሲስተሙ ከተነሳ በኋላ በጣም የምትጠነቀቁበት ቦታ ላይ ደርሳችኋል። ምንጩና መድረሻው ከተቀያየሩ ባዶው ዲስክ በፋይላችሁ ላይ ይገለበጥና ያልቃል፣ መመለሻ የለውም። ሊነክስ ዲስኮቹን ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ይጠራቸዋል፣ የቱ የቱ እንደሆነ ግን ስሙ አይነግራችሁም። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ ከመሰካቴ በፊት የየዲስኩን ሲሪያል ቁጥር የመጨረሻ አራት ፊደላት ከላዩ ላይ አነባለሁ፣ ነጭ ፕላስተር ላይ «አሮጌ» እና «አዲስ» ብዬ ከቁጥሩ ጋር ጽፌ እለጥፋለሁ። ከዚያ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ኤልኤስቢኤልኬ፣ ክፍተት፣ ሰረዝ ኦ፣ ክፍተት፣ ኔም ኮማ ሳይዝ ኮማ ሞዴል ኮማ ሲሪያል ብዬ ኢንተር እላለሁ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ሲሪያል ከፕላስተሩ ጋር ጮክ ብዬ እያነበብኩ አስተያያለሁ። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ዓይነት ሞዴልና እኩል መጠን ሲሆኑ ከዚህ ሌላ መለያ የላችሁም። የታመመውን ዲስክ በፋይል ማሳያው አትክፈቱት፤ ማውንት መሆን፣ ማለትም ፋይሎቹ እንዲከፈቱ ከሲስተሙ ጋር መያያዝ፣ የለበትም።

ማፕፋይሉ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ የትኛው ቦታ እንደወጣ፣ የትኛው እንደቀረ ፕሮግራሙ በየጊዜው ይመዘግብበታል። እሱ ካለ መብራት ቢሄድም፣ ነገ ብትቀጥሉም፣ ካቆማችሁበት ይነሳል። እሱ ከሌለ ከዜሮ ትጀምራላችሁ፣ ዲስኩም ያን ሁሉ ንባብ እንደገና ይሸከማል። ከፍላሽ የተነሳ ሲስተም የምትጽፉበትን ፋይል ራም ላይ ነው የሚይዘው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ፍላሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኤምኤንቲ በሚባለው ፎልደር ላይ ማውንት አድርጉትና ማፕፋይሉን እዚያ ላይ አስቀምጡ። ትእዛዙን ከመስጠታችሁ በፊት ፍላሹ በእርግጥ መያያዙን በኤልኤስቢኤልኬ አረጋግጡ።

አሮጌው ኤስዲኤ፣ አዲሱ ኤስዲቢ ነው እንበል። የመጀመሪያው ዙር ትእዛዝ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ዲዲሬስኪው፣ ሰረዝ ኤፍ፣ ሰረዝ ኤን፣ የአሮጌው ሙሉ አድራሻ፣ የአዲሱ ሙሉ አድራሻ፣ የማፕፋይሉ አድራሻ። በየመካከሉ አንድ ክፍተት አለ። የዲስኮቹ አድራሻ የምለው ከፊቱ ዴቭ የሚለውን ከነእዝባሩ የያዘውን ነው፤ የማፕፋይሉ ግን ከፊቱ ኤምኤንቲ የሚለውን ይይዛል። ኤፍ «መድረሻው ዲስክ መሆኑን አውቄ ነው፣ ጻፍበት» ማለት ነው። ኤን ደግሞ «እምቢ ያለውን ቦታ አሁን አትፈቅፍቅ» ማለት ነው። ከአሮጌ ወደ አዲስ፣ ምንጩ ሁልጊዜ ቀድሞ ነው የሚጻፈው። ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት ፕላስተሩን አንድ ጊዜ እዩ።

ስክሪኑ ላይ ምን ያህል እንደወጣ፣ የአሁኑ ፍጥነት፣ የንባብ ስህተቶች ብዛትና ከመጨረሻው የተሳካ ንባብ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ይታያሉ። ፍጥነቱ ወደ ጥቂት ኪሎባይት ወርዶ ቆይቶ እንደገና ቢነሳ አትደንግጡ፤ የታመመ አካባቢ እያለፈ ነው። ስህተቱ በድንገት በየሴኮንዱ በብዙ መቆጠር ከጀመረና ምንም ካልወጣ ግን ዲስኩ ከመስመር ወጥቷል ማለት ነው። ኮንትሮል ሲ፣ ማጥፋት፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ። መልሳችሁ ስትነሱ ፊደሉ ሊቀየር ይችላል፤ ትናንት ኤስዲኤ የነበረው ዛሬ ኤስዲሲ ቢሆን አይገርምም። ስለዚህ ያንኑ ትእዛዝ ከመድገማችሁ በፊት ሲሪያሉን እንደ አዲስ አስተያዩ።

የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ አብዛኛው ወጥቷል። በመቶኛው ግን አትታለሉ፤ ከአንድ ቴራ ላይ 99.9 በመቶ ወጣ ማለት አንድ ጊጋባይት ቀርቷል ማለት ነው፣ ያ አንድ ጊጋ የት እንደተበተነ ገና አታውቁም። ሁለተኛው ዙር ለዚህ ነው፦ ዲዲሬስኪው፣ ሰረዝ ዲ፣ ሰረዝ ኤፍ፣ ሰረዝ አር 3፣ ከዚያ እነዚያው ሁለት አድራሻዎችና ያው ማፕፋይል። ዲ ዲስኩን በሲስተሙ ማቆያ በኩል ሳይሆን በቀጥታ እንዲያነብ ያደርጋል፤ አር 3 የቀሩትን ቦታዎች እስከ ሦስት ዙር ይሞክራል። ይህ ክፍል ረጅም ነው፣ ዲስኩንም የሚፈትነው ይህ ነው። ትልቅ አር ብትጨምሩ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ያነባል፤ ከአንድ በኩል እምቢ ያለ አካባቢ አንዳንዴ ከሌላው በኩል ይሰጣል። ለሰዓታት ምንም አዲስ ነገር ካልወጣ አቁሙት።

ሁለቱንም አጥፉና አሮጌውን ንቀሉ። ዊንዶውስ የምታስነሱት አሮጌው ከተነቀለ በኋላ ነው፤ ሁለቱ ዲስኮች አሁን ዊንዶውስ የሚለያቸው በውስጣቸው የተጻፈው መለያ ቁጥር (ላዩ ላይ ያለው ሲሪያል አይደለም) ሳይቀር አንድ ስለሆነ አብረው ከተሰኩ አንዱን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ቼክ ዲስክ የሚደረገው አሁን ነው፣ በቅጂው ላይ። ፋይሉ የማይተካ ከሆነና ሦስተኛ ዲስክ ካላችሁ ግን ከቼክ ዲስኩ በፊት አስፈላጊውን ወደዚያ አውጡ። ፎልደሮቹ ካልታዩ የክሪስቶፍ ግረኒየር ቴስትዲስክና ፎቶሬክ አሉ፤ ፎቶሬክ የፋይሉን ስም ባያመጣም ፎቶና ቪዲዮውን ከሴክተሮቹ ይለቅማል። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ መመስጠሪያ) የተቆለፈ ከነበረ ቅጂውም የተቆለፈ ነው፣ ባለ 48 አኃዙን ቁልፍ ፈልጉ። አዲሱ ከአሮጌው የሚበልጥ ከሆነ ትርፉ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀመጣል፣ በኋላ ይሰፋል።

ቪዲዮ ከሆነ መከፈቱ ብቻ አይበቃም፤ ያልወጣ ሴክተር መሀል ላይ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል እስከ መጨረሻው አጫውቱ። የሰርግ ቪዲዮ ከሆነ ለባለሰርጉ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ሰው ሙሉውን ይየው።

አሮጌውን ዲስክና ማፕፋይሉን ሁሉም ነገር እስኪረጋገጥ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላም ለቁራሌው እንዳለ አትስጡት፤ የደንበኞቻችሁ ፎቶ አሁንም ውስጡ አለ። በመሰርሰሪያ ሳህኑን ብሱት። የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን ብዙ ጊዜ ብርጭቆ ስለሆነ ይፈነጣጠራል፤ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት፣ መነጽርም አድርጉ።