ከተክል ፔፕታይድ አውጥቶ በሰው ሴል ሪሴፕተር ላይ መሞከር፦ ሐዋሳ ላይ ለሚሠራ

ይህ መመሪያ ሐዋሳ ውስጥ በፋርማሲ፣ በኬሚስትሪ ወይም በባዮቴክኖሎጂ የመመረቂያ ሥራ ለያዘ ሰው የተዘጋጀ ነው። ፔፕታይዱን (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ማውጣቱ ያን ያህል አያስቸግርም። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻ ላይ ነው፤ የሴሉን ሽፋን የቀደደው ፔፕታይድ ሪሴፕተሩን፣ ማለትም ሴሉ ላይ ያለውን መልእክት ተቀባይ ፕሮቲን፣ «ነካ» ተብሎ ሲጻፍ። ስለዚህ ለዚያ ክፍል ሰፊ ቦታ ሰጥተናል።

የምንፈልገው በተለይ ሳይክሎታይድ የሚባለውን ቀለበት የሆነ የተክል ፔፕታይድ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮንጎ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኖርዌያዊ ሐኪም ሎረንትስ ግራን፣ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እንዲፋጠንላቸው ኦልደንላንዲያ አፊኒስ የተባለ የቡና ቤተሰብ ተክል አፍልተው እንደሚጠጡ አስተዋለ። ከተክሉ የተገኘው ሳይክሎታይድ፣ ካላታ ቢ1፣ 29 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ ቀለበት ሠርቷል፤ ስድስቱ ሲስቲኖች ደግሞ በሦስት የዳይሰልፋይድ ትስስር ተቋጥረዋል። በዚህ ምክንያት ማፍላትም ሆነ የጨጓራ ኢንዛይም በቀላሉ አይፈታውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሥራ ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ካላታ ቢ7 የሰውን የኦክሲቶሲን (ማሕፀን የሚያኮማትረው የምጥ ሆርሞን) ሪሴፕተር እንደሚያነሣሣ አሳየ።

መጀመሪያ በሱፍ ተለማመዱ

ብርቅ ተክል ከማባከን በፊት እጃችሁን በሱፍ ፍሬ ፍቱ። ገበያ ላይ «ሱፍ» ስትሉ ግን ሁለት ነገር ሊሰጣችሁ ይችላል፦ ለፍትፍት የሚሆነው፣ የእሾሃማው ተክል ትንሽ ነጭ ፍሬ አለ፤ የትልቁ ቢጫ አበባ ፍሬ ደግሞ ረዘም ያለ፣ ጥቁር ወይም ግርፋት ያለው ነው። የሚፈለገው ሁለተኛው ነው፤ ያልተቆላ መሆን አለበት። ውስጡ 14 አሚኖ አሲድና አንድ የዳይሰልፋይድ ትስስር ያለው፣ ኤስኤፍቲአይ-1 የሚባል ቀለበት ፔፕታይድ አለ። ለካፓ ኦፒዮይድ ሪሴፕተር አዲስ ሞለኪውል የቀረጹ ተመራማሪዎች ይህንኑ እንደ መነሻ ተጠቅመውበታል።

20 ግራም ፍሬ ፈልፍላችሁ ፍጩ። በ100 ሚሊ ሊትር ሄክሴን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለ30 ደቂቃ እያናወጣችሁ ዘይቱን አውጡ፤ ዘይቱ ከቀረ በኋላ ናሙናውን የምታጠሩበትን ካርትሪጅ ይደፍነዋል። ሄክሴኑ ሲተን ዱቄቱን በ100 ሚሊ ሊትር ግማሽ በግማሽ አሴቶናይትራይልና ውሃ አሳድሩት። ይህ ፔፕታይድ ትሪፕቶፋንም ታይሮሲንም ስለሌለው በብርሃን ሲለካ በ280 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ አይታይም ማለት ይቻላል፤ ዲቴክተሩን 215 ላይ አድርጉ። «ምንም የለም» ተብሎ የተደፋ ናሙና ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ወደ ቅጠሉ

ቫዮላ አቢሲኒካ ለዚህ ሥራ የታወቀ የአገራችን ተክል ነው፤ ሳይክሎታይድ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። ሐይቁ ዳር ወይም ታቦር ተራራ ላይ አትፈልጉት፤ ደጋና እርጥብ ጥላ ይወዳል። ከቡና፣ ከዱባ፣ ከአተርና ከድንች ቤተሰቦችም ሳይክሎታይድ ያላቸው ተክሎች ተገኝተዋል፤ የቤተሰቡ አባል ሁሉ ግን አለው ማለት አይደለም። አበባ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል ተጭናችሁ አድርቁ፤ ማንነቱ በሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ስብስብ ባለበት ተቋም) ካልተረጋገጠ የቀረው ሥራ ዋጋ የለውም።

ቅጠሉን ጥላ ላይ ወይም በ40 ዲግሪ ኦቨን አድርቃችሁ 50 ግራም ዱቄት መዝኑ። እኩል በእኩል በተቀላቀለ 500 ሚሊ ሊትር ዳይክሎሮሜቴንና ሜታኖል ለ24 ሰዓት ዘፍዝፉ። አጥልሉና የፈሳሹን ግማሽ ያህል ውሃ ጨምሩ። ከታች አረንጓዴው ዳይክሎሮሜቴን ይወርዳል፤ ፔፕታይዱ ከላይ ባለው የሜታኖልና የውሃ ክፍል ይቀራል።

እዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ ይቆጠራል። ዳይክሎሮሜቴን በባሕር ጠለል 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ 1,700 ሜትር ላይ ባለችው ሐዋሳ ግን 34 አካባቢ ይበቃዋል። በሞቃት ቀን መለያውን ፈነል ዘግታችሁ ካናወጣችሁት ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። በየሁለት ሦስት ንቅናቄው ቧንቧውን ወደ ላይ አዙራችሁ አስተንፍሱት። ይህ ፈሳሽ የናይትራይል ጓንትን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያልፍ የነካውን ጓንት ወዲያው ቀይሩ፤ ሥራው ሁሉ ጭስ መሳቢያ ሥር ይሁን። ሁለቱ ንብርብሮች አረፋ ሠርተው አልለያይ ካሉ ቁንጥር ጨው ጨምራችሁ አቆዩት።

የላይኛውን ክፍል በሮታቫፕ (በቫኪዩም እያሽከረከረ በሚያተንነው መሣሪያ) በ40 ዲግሪ አተንኑ። አረፋ ይነሣል፤ ብልቃጡን ከሲሶው በላይ አትሙሉ። ከዚያ በፍሪዝ ድራየር አድርቁ። መብራት ሲሄድ ናሙናው ቀልጦ ይጣበቃል፤ መምጣቱን ሳትጠብቁ አውጥታችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ መልሱት።

የደረቀውን ግማሽ ግራም 10 ግራም ሲ18 (ፔፕታይዱን ይዞ የሚያስቀር ዱቄት) ባለው ካርትሪጅ አሳልፉ። መጀመሪያ 60 ሚሊ ሊትር ሜታኖል፣ ቀጥሎ 60 ሚሊ ሊትር 0.1 በመቶ ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ ያለው ውሃ ያልፍበታል። ናሙናው ከገባ በኋላ በ20 በመቶ አሴቶናይትራይል እጠቡት፤ ሳይክሎታይዱ በ80 በመቶ ይወጣል። ለሱፉ ግን እጥበቱ ከ10 በመቶ አይለፍ፤ ከእጥበቱ ጋር ይሄድባችኋል። ታኒን የሚበዛባቸውን ተክሎች አስቀድማችሁ በፖሊአማይድ ዱቄት አጥሩ፤ ታኒን ከፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ የሴል ሙከራውን ሁሉ ያሳስታል።

ቀለበት መሆኑን በክብደት ማረጋገጥ

ማስ ስፔክትሮሜትሩ ከ2,500 እስከ 4,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) መካከል ጫፍ (ፒክ) ካሳየ ገና ግምት ነው። ማረጋገጫው እንዲህ ነው። ናሙናውን በአሞኒየም ባይካርቦኔት ፒኤች 8 አካባቢ አድርጋችሁ በዲቲቲ በ60 ዲግሪ ትስስሮቹን ፍቱ፤ ከዚያ ሲስቲኖቹ ላይ የሚለጠፈውን አዮዶአሴታማይድ ጨምራችሁ ጨለማ ውስጥ አቆዩ። እያንዳንዱ ሲስቲን 58 ዳልተን ይጨምራል። ስድስት ከሆኑ 348 ነው። ሱፉ ሁለት ብቻ ስላለው ከ1,513.7 ወደ 1,629.8 ይወጣል፤ ይህን ቁጥር ካላያችሁ ኬሚካላችሁ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ወደ ቅጠሉ አትለፉ።

ቀጥሎ ግሉታሚክ አሲድ አጠገብ የሚቆርጠውን ግሉ-ሲ ኢንዛይም ጨምሩ። እንደ ካላታ ቢ1 ግሉታሚክ አሲዱ አንድ ብቻ ከሆነ ቀለበቱ አንድ ቦታ ይከፈትና አንድ የውሃ ሞለኪውል ይገባል፤ ጭማሪው 366 ይሆናል። መጀመሪያውኑ ቀለበት ያልሆነ ፔፕታይድ ግን መሐሉ ላይ ሲቆረጥ ሁለት ትናንሽ ቁራጮች ይሆናል። 57 የተጨመረበት ተጨማሪ ጫፍ ካያችሁ አዮዶአሴታማይዱ በዝቷል ወይም ቆይቷል።

ማሽኑ የለንም ብላችሁ ናሙና ወደ ውጭ ለመላክ ካሰባችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የዘረ መል ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ፈቃዱን የሚሰጠው የብዝሃ ሕይወት ተቋም ስለሆነ ማመልከቻውን ተክሉን ከመልቀማችሁ በፊት አስገቡ።

ሪሴፕተሩ ነው ወይስ ሽፋኑ?

ብዙ ሳይክሎታይዶች የሴል ሽፋን ውስጥ ያለውን ፎስፋቲዲል ኢታኖላሚን ይዘው ሽፋኑን ይበሳሉ። የተበሳ ሴል ካልሲየም ያስገባል፤ ካልሲየም የሚለካው ቀለም ያበራል፤ ተማሪውም ደስ ይለዋል። ስለዚህ ከሪሴፕተሩ በፊት ደም ላይ ሞክሩ። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ የተቀዳ ደም በፒቢኤስ (የጨው ብጥብጥ) ሦስት ጊዜ ታጥቦ 1 በመቶ ሆኖ ይበጠበጥ። ከ0.1 እስከ 100 ማይክሮሞላር ፔፕታይድ ጨምራችሁ በ37 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አቆዩ፤ በሴንትሪፊውጅ አዙራችሁ የላዩን ፈሳሽ በ540 ናኖሜትር አንብቡ። መቶ በመቶ የሚባለው ሴሉን ሁሉ የሚያፈርሰው ትራይተን 1 በመቶ የገባበት ነው። ሪሴፕተሩ ላይ የሚሠራው መጠን ደም ከሚያፈርሰው ቢያንስ አሥር እጥፍ ካላነሰ ውጤቱን አንቀበለውም።

የካላታ ቢ1ን መጠን በሚዛን አትመኑ፤ የደረቀው ዱቄት ጨውና ውሃ ይይዛል። በ280 ናኖሜትር ለኩት፤ ለስሌቱ የሚሆነው የብርሃን መምጠጥ መለኪያ (ሞላር ኤክስቲንክሽን) እንዲህ ነው፦ አንድ ትሪፕቶፋን 5,500፣ ሦስት ትስስር 375፣ ድምሩ 5,875። ፔፕታይዱ ፕላስቲክ ላይ ስለሚጣበቅ ቀጭኑን ብጥብጥ ወዲያው ተጠቀሙበት፤ አታሳድሩት።

ሴሎቹ የኦክሲቶሲን ሪሴፕተር የገባባቸው ኤችኢኬ293 የሚባሉ የሰው ሴሎች ይሁኑ፤ ጎን ለጎን ሪሴፕተሩ ያልገባባቸውም ይዘሩ። ባልገባባቸው ላይም ምልክቱ ከታየ ነገሩ አለቀ፣ ሽፋኑ ነው። የመስመሩን ቅርጽም ተመልከቱ፦ የሪሴፕተር ምልክት በሰከንዶች ውስጥ ወጥቶ ይወርዳል፤ የቀዳዳ ምልክት ቀስ ብሎ እየወጣ ይሄዳል፣ አይመለስም። ካልሲየም በሌለበት፣ የቀረውን ካልሲየም የሚይዘው ኢጂቲኤ ባለበት ፈሳሽ ድገሙት። በሪሴፕተሩ በኩል የሚለቀቀው ካልሲየም ከሴሉ የውስጥ ጎተራ ስለሆነ የመጀመሪያው ጫፍ ይቀራል፤ በቀዳዳ የገባው ግን ይጠፋል። በመጨረሻ የኦክሲቶሲን ሪሴፕተርን የሚያግደውን አቶሲባን ቀድማችሁ ጨምሩ፤ ምልክቱን ካገደው የያዛችሁት ነገር አለ።

የሴል ማሳደጊያ ከሌላችሁ የአይጥ ማሕፀን ቁራጭ በደ ያሎን ፈሳሽ (ቁራጩን በሕይወት የሚያቆይ የጨው ብጥብጥ) ውስጥ ማንጠልጠል ይቻላል፤ የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃድ ይኑራችሁ። ጥሬውን ጭማቂ ሳይሆን የጠራውን ፔፕታይድ ተጠቀሙ፤ በጥሬው ውስጥ ሴሮቶኒን ካለ እሱም ማሕፀን ያኮማትራል፣ አቶሲባንም አያግደውም። በሁለት መጠኖች መካከል ፈሳሹን ሦስት ጊዜ ቀይራችሁ ጡንቻው ወደ መነሻ መስመሩ እስኪመለስ ጠብቁ። ካልተመለሰ ፔፕታይዱ ተጣብቆ ቀርቷልና ቀጣዩን መጠን በአዲስ ቁራጭ ሞክሩ።