የመዳብ ሳንቲማችሁ ሰማያዊ ሲሆን ሎሚ አትቁረጡ

የእህቴ ልጅ ከለንደን ስትመጣ አንድ የሳንቲም ሳጥን አመጣችልኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1970 የእንግሊዝ ፕሩፍ፣ ማለትም ለሰብሳቢ ተብለው የታተሙ፣ ሳንቲሞች ናቸው፣ በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸጉ። ሳጥኑን ስከፍት ዓይኔ ፔኒ በምትባለው የመዳብ ሳንቲም ላይ ቀረ። መሃሏ ብርቱካንማ ነው። ወደ ዳር ሲሄድ ቀይ ቡናማ፣ ከዚያ ቀጭን የወይንጠጅ መስመር፣ ጠርዟ ላይ ደግሞ ጥርት ያለ ሰማያዊ።

ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጥታ አየቻት። «ውይ እቴ! ተበላሸብሽ እኮ። ሎሚና አመድ ላምጣልሽ?» አለችኝ። ከልቧ ነው፣ ልትረዳኝ ብላ። እኔ ግን ሳጥኑን ወዲያው ዘጋሁት። ሎሚና አመድ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና።

ተማሪ ሳለሁ አባቴ የ1936 ዓ.ም. የመዳብ ስሙኒ ሰጥቶኝ ነበር። ክብ የሆነውን። ያ ስሙኒ ብዙ አልቆየም። በመጠን ከብሩ ሽልንግ ጋር ስለሚቀራረብ፣ ሰዎች ብር እየቀቡ በ50 ሳንቲም ያሳልፉት ጀመር። ስለዚህ በኋላ የወጣው ስሙኒ ጠርዙ ሞገድ ሞገድ ሆኖ ተሠራ። የአባቴ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር። እኔም ለበዓል እንዲያምር ብዬ በሎሚና በአመድ ፈተግኩት። ለጥቂት ቀን ሮዝ ሆኖ አበራ፣ እንደተላጠ ቁስል። ከዚያ ደበዘዘ። የአንበሳው ጋማ ላይ የነበሩት ቀጫጭን መስመሮች አልተመለሱም። ዛሬም ሳየው ይቆጨኛል።

በኋላ ደሴ ላይ ኬሚስትሪ ሳስተምር ነገሩ ገባኝ። በክረምት ከመናኸሪያው በር ያለውን ኩሬ አይታችኋል? ናፍጣ ጠብ ሲልበት ቀስተ ደመና ይሠራል። ናፍጣው ራሱ ሰማያዊም ቀይም አይደለም። በጣም ቀጭን ሆኖ ስለተዘረጋ፣ ከላዩና ከታቹ የሚመለሰው ብርሃን እርስ በርሱ ተገናኝቶ አንዱን ቀለም ያጠፋል፣ ሌላውን ያጎላል። የመዳብ ሳንቲምም እንዲሁ ነው። መዳቡ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ቀጭን ሽፋን ይለብሳል። አየሩ ውስጥ ሰልፈር ካለ እሱም ይጨመራል። ሽፋኑ ከፀጉር ውፍረት ሺህ ጊዜ ያህል ሊቀጥን ይችላል። ቀለሙን የሚወስነው ውፍረቱ ነው። መጀመሪያ ብርቱካንማው ይጠቁራል፣ ቀይ ቡናማ ይሆናል፣ ወይንጠጅ ይከተላል፣ ከዚያ ሰማያዊ። የበለጠ ከወፈረ ፈዘዝ ያለ ብርማና ወርቅማ ይመጣል።

እንግዲህ ሎሚው የሚያነሳው ቆሻሻ አይደለም። ያንን ሽፋን ነው። ሽፋኑ ደግሞ ከሳንቲሙ የራሱ መዳብ የተሠራ ነው። አመዱ በበኩሉ ይጭራል።

ይህ ቀለም ፕሩፍ ላይ የሚደምቅበት ምክንያት አለው። ፕሩፍ ለገበያ ሳይሆን ለሰብሳቢ የሚታተም ሳንቲም ነው። ምስሉ የተቀረጸበት ማተሚያ ይወለወላል፣ ገና ያልታተመው ክብ መዳብም ይወለወላል፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ ይመታል። ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ባዶ ቦታው መስታወት ይሆናል። መስታወት ላይ ያረፈ ቀጭን ሽፋን ቀለሙን አጥርቶ ያሳያል። ከእጅ እጅ ሲዞር የኖረ ዱዲ ግን ገጹ ሸካራ ነው፣ ብርሃኑን ይበታትነዋል፣ ስለዚህ ቡናማ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ሥራው። እንግዳ ቀለም ያለው ሳንቲም እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ በጠርዙ ያዙት። ጣታችሁ ገጹን እንዳይነካ። የጣት ላብ መዳብ ላይ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ግን አሻራችሁ ቡናማ ሆኖ ብቅ ይላል፣ አይለቅም። ከታች ለስላሳ ጨርቅ አንጥፉ። ከዚያ በአንድ መብራት ሥር፣ ወይም ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት። የሽፋን ቀለም ሲያዘነብል ይለዋወጣል፣ በአንድ ማዕዘን ይበራል፣ በሌላው ይጠፋል። በየትኛውም ማዕዘን ያው ሆኖ የሚቆይ ሰማያዊ ካያችሁ ቀለም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ አጉሊ መነጽር። 10 ጊዜ የሚያጎላ ይበቃል፣ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት። የምትፈልጉት ድንበሩን ነው። ብርቱካንማውና ሰማያዊው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ወይንጠጅ መስመር መኖር አለበት፣ ምንም ቢቀጥን። ሽፋኑ ቀስ በቀስ ከወፈረ ወይንጠጁን ሳያልፍ ሰማያዊ አይደርስም። ከብርቱካንማ ወደ ሰማያዊ ዘሎ የገባ ከሆነ እኔ እጠረጥራለሁ። የፔኒዬን መስመር ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። ከጠርዙ ጋር እኩል እየዞረ ይሄዳል፣ ፊደሎቹ ሥር ሲደርስ ትንሽ ይጎብጣል። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

የውሸቱን ደግሞ ባቲ አየሁት፣ ሰኞ ገበያ። ባቲ ላይ ሰው የሚሻማው ለጠገራ ብር ነው። መዳብ የሚያይ ጥቂት ስለሆነ እኔ እዚያ መሄድ እወዳለሁ። አንድ ሻጭ የ1936 አምስት ሳንቲም አወጣልኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ፣ በሁለቱም ገጽ እኩል። ግን የንጉሡ ጸጉርና ጉንጭ አልቋል። ያለቀው ቦታ ላይም ያው ደማቅ ሰማያዊ አለ። ሳንቲም ሲታሽ ኖሮ ካለቀ በኋላ እንዲህ አይደምቅም። ታጥቦ፣ ተወልውሎ፣ በኋላ የተሠራ ቀለም ነው። መዳብ ከሰል ላይ ቢቀመጥ በደቂቃዎች ውስጥ ያንኑ የቀለም ቅደም ተከተል ያልፋል። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ጋር አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ዘግተው የሚያቆዩም አሉ፣ ሰልፈሩ እንዲሠራላቸው። እንዲህ የተሠራው ቀለም፣ ሳይቸኩሉ ከሠሩት፣ በራሱ ከመጣው ለመለየት ከባድ ነው። ስለዚህ ለቀለም ብላችሁ ብዙ ገንዘብ አትክፈሉ። ለሳንቲሙ ክፈሉ።

ጥቁር ወይም ቡናማ ሁሉ ዕድሜ ነው ብላችሁም አትፍረዱ። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች አንዳንድ የመዳብ ፕሩፎችን ሆን ብለው ቡናማ አድርገው ነበር የሚያወጡት። እንደ አውሮፓውያን ከ1944 እስከ 1946 የታተሙ ፔኒዎችም ከማተሚያ ቤቱ ጠቁረው ነው የወጡት፣ ሰው አዲስ ናቸው ብሎ እንዳያከማቻቸው። እነዚህን ያጸዳ ሰው የፋብሪካውን ሥራ ነው የሚያነሳው።

አቀማመጥ ላይ የኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ወሎ ውስጥ ዕጣን የማይጤስበት ቤት ጥቂት ነው። የኔም ይጤሳል። ስለዚህ ሳንቲሞቼ ቡና ከሚፈላበት ክፍል ርቀው መኝታ ቤት ናቸው። የደሴ ክረምት ጉም ሳጥን ውስጥ ሳይቀር ይገባል። በመድኃኒት ብልቃጥና በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች አትጣሉ፣ ሰኔ ላይ አዲስ አስገቡ፣ መስከረም ላይ ቀይሩ። የጎማ ላስቲክ አትጠቀሙ፣ ሰልፈር አለበት። ጋዜጣ፣ ሱፍ፣ የእንጨት ሳጥንም አይሆኑም። ፕሩፍ የታሸገበት ጠንካራ ፕላስቲክ ካላችሁ አትክፈቱት።

ለስላሳና ሽታው የሚከረፋ ፕላስቲክ ግን የሁሉም ክፉ ነው። እየቆየ አሲድ ያወጣል፣ ሳንቲሙ ላይ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ይተዋል። ይህን ካያችሁ ብቻ ነው እጅ ማስገባት የምመክረው። ንጹሕ አሴቶን ያስፈልጋችኋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፣ ዘይትና ሽቶ አለበት። በብርጭቆ ሳህን አድርጉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ እሳት አጠገብ አትድረሱ። ሳንቲሙን ጥቂት ደቂቃ ንከሩት፣ አሴቶኑን ቀይራችሁ ድገሙ፣ በራሱ ይድረቅ። ማሸት የለም። አረንጓዴው ደረቅና ቅርፊት መሰል ሆኖ መዳቡን ከቦረቦረው ግን አሴቶን አይነካውም። እሱን በደረቅ ቦታ አስቀምጣችሁ ለባለሙያ አሳዩ።

እኔ ፔኒዬን በየመስከረሙ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት፣ በስልኬ ፎቶ አነሳታለሁ። ጀርባው ላይ ቀኑን ጽፌ አሳትመዋለሁ። 4 ፎቶ ሆኗል። ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ወይንጠጁ መስመር ወደ መሃል አልገፋም። ከንግሥቲቱ አንገት ሥር ያለው ብርቱካንማ ቦታም እንዳለ ነው።