ስልኩ ምን አጠፋ? ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ተማሪዎች በቴክኖሎጂ ስንደግፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

በትምህርት ቤታችን የድጋፍ መስጫ ክፍል ውስጥ አንድ ቁም ሣጥን አለ፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ስድስት የስጦታ ታብሌቶች ከነካርቶናቸው ተቀምጠውበታል። የሁለቱ ቻርጀር ጠፍቷል፣ የአንዱን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው ተቀይሮ ሄዷል። በየቀኑ ሥራ የሚሠራው መስታወቱ የተሰነጠቀው የእኔ አሮጌ ስልክ ነው። የዕቃ እጥረት የለብንም ማለቴ አይደለም፤ አለብን። ግን ባለን ዕቃ የምንሠራው ስህተት ከእጥረቱ በላይ ልጆቹን ሲጎዳ አይቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ዕቃውን አስቀድሞ ልጁን ማስከተል

"ታብሌት መጥቷል፣ ለማን እንስጠው?" ስንል ነገሩን ከጭራው ጀመርነው ማለት ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ "ይህ ልጅ ከክፍሉ ወደ ኋላ የሚቀረው ምን ሲሠራ ነው?" የሚለው ነው።

የማየት አቅሟ ዝቅተኛ የሆነ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። መጽሐፍ አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ታነባለች፤ ሰሌዳውን ግን ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣም አታየውም። ፊደል የሚያስተምር አፕሊኬሽን ጭነን ታብሌት ሰጠናት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሳ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። "ቲቸር፣ እኔ እኮ ፊደል አውቃለሁ። የማላየው ሰሌዳውን ነው።"

አፈርኩ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ሰሌዳውን ከማጥፋቱ በፊት የክፍል አለቃው በስልክ ፎቶ ያነሣል፣ እሷም በሁለት ጣቷ አስፍታ ትገለብጣለች። የመስኮቱ ብርሃን ሰሌዳው ላይ እያረፈ ፎቶውን ሲያበላሽብን ከቤት አሮጌ መጋረጃ አምጥቼ ሰቀልኩ። ይኸው ነው።

ፎቶ ልኮ "ሶፍት ኮፒ ሰጥቻለሁ" ማለት

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየቀኑ የሚደርስ ነገር ነውና።

ዓይነ ስውር ተማሪ ስልኩን የሚጠቀመው በስክሪን ሪደር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ማለት ነው። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ አብሮ ተጭኖ ይመጣል። በኮምፒውተር ደግሞ ኤንቪዲኤ የሚባለው አለ፤ ነፃ ነው፣ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሊዞር ይችላል። ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። የሮቦት ድምፅ ነው፣ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል። የለመዱት ልጆች ግን እኛ አንድ ቃል ልንለይ በማንችልበት ፍጥነት ያዳምጡታል።

መምህሩ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ወይም ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ፈልጎ በቴሌግራም ይልካል። ሥራውን የጨረሰ ይመስለዋል። ለስክሪን ሪደር ግን ያ ገጽ ሥዕል ነው፤ በውስጡ አንድም ፊደል የለም። ልጁ ፋይሉን ይከፍታል፣ ስልኩ ጭጭ ይላል። "አላነበብክም እንዴ?" ሲባል ምን ይመልሳል?

ሁለተኛው ወጥመድ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም በዓይን አይታይም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በየቢሯችን አማርኛ ይጻፍ የነበረው በድሮዎቹ ፎንቶች ነው። በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ለእኛ ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ከሥሩ ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ናቸው። ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ያንን ከሥር ያለውን ነው። እኛ "የአየር ንብረት" ብለን የምናየውን ልጁ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ጋጋታ ሆኖ ይሰማዋል። የድሮ ማስታወሻዎችና የፈተና ወረቀቶች እስካሁን በዚህ መልክ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዞራሉ።

መፈተሻው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ፋይሉን ክፈቱና አንድ ዓረፍተ ነገር በጣታችሁ ለመምረጥ ሞክሩ። አልመረጥ ካለ ሥዕል ነው። ከተመረጠ ኮፒ አድርጉና ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ለጥፉት፤ አማርኛ ሆኖ ከወጣ ይነበባል፣ ዝብርቅርቅ ሆኖ ከወጣ ለልጁም እንደዚያው ነው።

ሥዕሉን ወደ ጽሑፍ ለመቀየር ፋይሉን ጉግል ድራይቭ ላይ ጭኖ በጉግል ዶክስ መክፈት በቂ ነው፤ አማርኛ ያውቃል። ግን አትመኑት! "ለ"ን "ሰ" ያደርጋል፣ በሁለት ዓምድ የታተመ ገጽ ከሆነ መስመሩን ያደባልቃል። አንድ ሰው ከመጽሐፉ ጋር እያስተያየ ማረም አለበት። እኛ ጋ ይህን የሚሠሩት ስምንተኛ ክፍሎች ናቸው፤ ለሁለት ሁለት ገጽ ይከፋፈላሉ። እያረሙ ትምህርቱን ይከልሳሉ፣ እኔም እገላገላለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ይረሳል። "ከላይ ያለውን ሥዕል ተመልክታችሁ መልሱ" የሚል ጥያቄ ሥዕሉ በቃል ካልተገለጸ ጥያቄ አይደለም። "አንዲት ሴት በጀርባዋ እንስራ አዝላ ዳገት ትወጣለች" ብሎ መጻፍ ስንት ደቂቃ ይወስዳል?

ጆሮ ብሬይልን ይተካል ብሎ ማሰብ

ቶክባክ ከመጣ በኋላ "ብሬይል ምን ያደርግለታል?" የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ወረቀቱ ውድ ነው፣ መጽሐፉ ግዙፍ ነው፣ በስሌትና በስታይለስ፣ ማለትም ወረቀቱን በሚይዘው ሰሌዳና ነጥቦቹን በሚወጋው መውጊያ፣ መጻፍ እጅ ያደክማል፤ ይገባኛል። ግን በጆሮ ብቻ የተማረ ልጅ የጻፈውን አንብቡ።

"ሀኪም"፣ "አይን"፣ "ጸሀይ"፣ "ንጉስ"። ሀ፣ ሐ እና ኀ በጆሮ አንድ ናቸው፤ ሰ እና ሠም፣ አ እና ዐም፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። እኛ ዓይናማዎቹም እናምታታቸዋለን፤ ቢያንስ ግን ሁለት መሆናቸውን አይተናል። እሱ ማን ነገረው? መጥበቅና መላላትም አለ። "ይመታል" የሚለው ዱላ የሚያሳርፈውን ነው ወይስ ዱላ የሚያርፍበትን? ፊደሉ አይለይም፣ ማሽኑም ገምቶ ያነባል። "ገና አልደረሰም" የሚለውን የገና በዓል አድርጎ ሲያነበው ልጆቹ ይስቃሉ፤ አማርኛውን ስለሚያውቁት ነው የሚስቁት።

ሒሳብ ላይ ነገሩ ይብሳል። ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥርን በባለ ሁለት አኃዝ ቁልቁል ማባዛትን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጆሮ ብቻ ሞክሩት። ብሬይልና አባከስ (በጣት የሚንቀሳቀስ የዶቃ መቁጠሪያ) እዚያ ላይ ተወዳዳሪ የላቸውም። ስልኩ ለታሪክና ለኅብረተሰብ ሳይንስ ረጅም ንባብ ይሁንለት፣ ጣቱ ደግሞ ለፊደልና ለቁጥር።

መስማት ለተሳነው ልጅ ጽሑፍ ይበቃዋል ማለት

"ድምፅ አይሰማም እንጂ ማንበብ ይችላል" ተብሎ ከቪዲዮ ሥር የአማርኛ ጽሑፍ ይደረግለታል። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ግን በእጅ የሚነገር አማርኛ አይደለም፤ የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ ነው። ለልጁ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ከዩቲዩብ የወረደ የአሜሪካ ምልክት ቋንቋ ቪዲዮ ማሳየትም ሌላው ጥፋት ነው፤ የጣት ፊደሉ እንኳ የተለየ ነው። የእኛው የጣት ፊደል ከግዕዝ፣ ከካዕብ፣ ከሣልስ እስከ ሳብዕ ያለውን በእጅ እንቅስቃሴ የሚለይ ለፊደላችን የተሠራ ነው።

የሚሻለው የራሳችሁ የምልክት ቋንቋ መምህር የምዕራፉን አዳዲስ ቃላት በስልክ ቀርጾ ትምህርቱ ከመሰጠቱ በፊት እንዲልክ ማድረግ ነው። መስኮት ከጀርባ አይሁን፣ ፊቱ ጥላ ይሆናል። ልብሱ ዝንጉርጉር አይሁን። ከወገብ በላይ ሙሉ ይታይ። የቴሌግራሟን ክብ ቪዲዮ ደግሞ ተዉአት፤ እጁ ዘርጋ ባለ ቁጥር ጣቱን ትቆርጠዋለች። አንድ ሙሉ ሳምንት በእሷ ስንልክ ከርመን ልጆቹ ናቸው የነገሩን።

ስልክን ማባበያ ማድረግ

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሲጮኽ ስልክ እንሰጠዋለን፣ ዝም ይላል፣ እኛም እፎይ እንላለን። ልጁ የተማረው ግን "ስጮኽ ስልክ ይመጣል" የሚለውን ነው። የጮኸው ውሃ ጠምቶት፣ ጩኸት በዝቶበት ወይም ቀጥሎ የሚመጣውን ባለማወቁ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ካሜራው ከካርቱኑ ይበልጣል። የራሱን የውሃ ኮዳ፣ የራሱን የምሳ ዕቃ፣ የትምህርት ቤቱን መጸዳጃ በር፣ የሚመጣበትን ሰርቪስ ፎቶ አንሡና በቅደም ተከተል አሳዩት። ከኢንተርኔት የወረደ የሚያብረቀርቅ የውሃ ብርጭቆ ለብዙዎቹ ትርጉም አይሰጥም፤ የእነሱ ውሃ ያለው ሰማያዊ ኮዳ ውስጥ ነው። ፎቶዎቹን አሳትማችሁ በስኮች ብትለጥፏቸው ደግሞ መብራት ሲጠፋም ይሠራሉ።

ልጁ ፎቶ እያሳየ ወይም ሲነካ ቃሉን የሚናገር የስልክ ሥዕል እየነካ መናገር ከጀመረ በኋላ ሲያጠፋ ስልኩን መንጠቅ ግን ፈጽሞ አይደረግም። ተናጋሪን ልጅ ለመቅጣት አፉን አንሰፋም።

ጥቃቅን የሚመስሉት

ቶክባክን ሳያውቁ መክፈት፦ ሁለቱ የድምፅ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ይበራል፣ ከዚያ ስልኩ "ተበላሸ" ይባላል። አልተበላሸም፤ አንዴ ነክቶ መምረጥ፣ ሁለቴ ነክቶ መክፈት፣ በሁለት ጣት መጎተት ነው። እነዚያኑ ቁልፎች ለጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት ያጠፋዋል። ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ምሽት ራሳችሁ ተጠቀሙበት።

በድምፅ መጻፍ፦ የጉግል ኪቦርድ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማርኛ ይሠራል፣ እጁ ለማይታዘዝለት ልጅም ትልቅ ነገር ነው። ስልሳ ልጅ በሚያወራበት ክፍል ውስጥ ግን የጎረቤቱን ወሬ ነው የሚጽፈው። ልጁን በረንዳ ላይ ወይም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስቀምጡት፤ አራት ነጥቡንም በእጅ ጨምሩለት።

ኢርፎን፦ አንዱን ጆሮ ብቻ። ሁለቱንም ከደፈነ መምህሩን አይሰማም።

"ስልክ ክልክል ነው" እና የፈተና ቀን

ዓመቱን ሙሉ በስልክ ያነበበ ልጅ በር ላይ ስልኩ ይወሰድበታል፣ ወይም ለፈተና ወረቀት ብቻ ይሰጠዋል። ሥርዓቱን የሚያስከብሩት ጥበቃ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማንም አልነገራቸውም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች፣ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፣ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም አሠራሩን ለልጁ በሚያስፈልገው ልክ ማስተካከልን፣ ይጠይቃል። እኔ ግን ከምክትል ርዕሰ መምህራችን ጋር የተግባባሁት አንቀጽ ጠቅሼ አይደለም። "መነጽር ክልክል ነው ይባላል እንዴ?" ብዬ ነው። አሁን የልጁ ስም፣ የስልኩ ዓይነትና የሚጠቀምበት ሰዓት ያለበት ማኅተም የተደረገ ወረቀት ጥበቃው ጋ አለ። ለክፍል ፈተናም ሲም ካርዱ ወጥቶ፣ ጥያቄው ብቻ ተጭኖበት ይቀርብለታል። ይህን በመስከረም ተነጋገሩበት፤ የፈተናው ጠዋት ላይ ማንም አይሰማችሁም።

የልጁን ቪዲዮ መለጠፍ

በዚህ የምኮራበት ነገር የለኝም። መናገር የማይችል አንድ ልጃችን የስልኩን ሥዕል ነክቶ ለመጀመሪያ ጊዜ "ውሃ" ያስባለ ቀን ቀረጽኩት፤ ከደስታዬ ብዛት የትምህርት ቤቱ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ስንት ልብ፣ ስንት ጭብጨባ ዘነበ! በማግስቱ እናቱ መጡ። ሰፈር ውስጥ ልጃቸው እንዲህ መሆኑን የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ቪዲዮው ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር እነሱም ጋ ደርሷል። እኔ ጋ ያለውን አጠፋሁ፤ የተላለፈውን ማን ያጠፋዋል?

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔ ግን አላየሁትም እኮ። እስቲ ያሳዩኝ" አሉኝ። ለሁለት መቶ ሰው ልኬ ለእሳቸው አልላክሁም ነበር። ሌላ ቅጂ ስላልነበረኝ ልጁን ጠራሁትና ስልኩን ፊቱ አስቀመጥኩለት። እናቱን አየ፣ ሥዕሎቹን አየ፣ ውሃውን አልፎ ዳቦውን ነካ። እናቱም ከቦርሳቸው ዳቦ አወጡ።