የሆድ ደም ስር ብግነት ሲጠረጠር ምርመራ ላይ የምናያቸው ስህተቶች

እዚህ ሐዋሳ ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ "ጨጓራ ነው" ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። ግን በበላ ቁጥር ቁርጠት የሚነሳበት፣ ምግብ እየፈራ የከሳ፣ በዛ ላይ በወጣትነቱ ደም ግፊት የተገኘበት ሰው ኦሜፕራዞልና ሌላ የጨጓራ መድኃኒት እየቀያየረ ወራት ባይቆይ ጥሩ ነው፣ የሆድ ደም ስር ብግነት (የደም ስሩ ግድግዳ መቆጣትና ማበጥ) ሊሆን ይችላል። ኢንዶስኮፒ የጨጓራን ውስጡን ነው የሚያየው፣ ለአንጀት ደም የሚያደርሰውን ደም ስር አያሳይም፣ ስለዚህ ኢንዶስኮፒው ንጹህ ሆነ ማለት ደም ስሩ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ለአልትራሳውንድ ቁርስ በልቶ መምጣት ሌላው ስህተት ነው። ሆድ ውስጥ ጋዝ ካለ ደም ስሩ ይጋረዳል፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሳ ሾርባ ጠጥታችሁ ከመጣችሁ ተመልሳችሁ ነገ ነው (ውሃ ችግር የለውም)። ደሞ ዶፕለር ይታዘዝ፣ ተራው አልትራሳውንድ የደሙን ፍሰት አይለካም።

ትልቁ ስህተት ግን ይረክሳል ተብሎ ያለ ኮንትራስት (ደም ስሩን በምስል ላይ የሚያደምቅ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚነሳ ሲቲ ነው። የወፈረ የደም ስር ግድግዳና የጠበበ ቦታ ያለ ኮንትራስት በደንብ አይለይም፣ ኮንትራስት ተሰጥቶም ሰአቱ ካልተጠበቀ ያው ነው፣ ለአርተሪ (ከልብ ደም የሚያደርሰው ደም ስር) የሚነሳው መድኃኒቱ ከገባ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ገደማ ሲሆን የተለመደው የሆድ ሲቲ ወደ 70 ሰከንድ ላይ ነው። ማዘዣው ላይ "የሆድ ህመም" ብቻ ከተጻፈ የሚነሳው የተለመደው ነው፣ ሲቲውን የሚያነሳው ባለሙያ ምን እንደተጠረጠረ ከየት ይወቀው? ታካያሱ የሚባለው የትልልቅ ደም ስሮች ብግነት ከተጠረጠረ ይጻፍ፣ በ1908 አንድ ጃፓናዊ የዓይን ሀኪም የገለጸው ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ40 አመት በታች ያሉ ሴቶችን ይይዛል፣ የኩላሊትን ደም ስር ሲያጠብ ግፊት ይመጣል። የሁለቱም ክንድ ግፊት ተለክቶ ልዩነቱም አብሮ ይጻፍ፣ ይሄ ነጻ ነው እኮ!

"ኮንትራስት ኩላሊት ይገድላል" ብሎ መሸሽም አለ። ክሬአቲኒን (የኩላሊት የደም ምርመራ) ይታይ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ከዚህ በፊት በኮንትራስት አለርጂ የተነሳባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ስጋቱ ትንሽ ነው።

ብግነቱን የሚቀንሰውን ፕሬድኒሶሎን ጀምሮ ቆይቶ መነሳት ደሞ ያሳስታል፣ እብጠቱ ስለሚቀንስ ምስሉ ንጹህ ሊመስል ይችላል። ግን ለምስል ብላችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ፣ ወረፋው ከረዘመም ህክምናው አይጠብቅም፣ ሀኪሙ ይወስን፣ መቼ እንደጀመራችሁ ብቻ ንገሩን።

ሲቲው ንጹህ ነው ተብሎ ፋይል መዝጋትም ልክ አይደለም። ፖሊአርተራይትስ ኖዶሳ የሚባለው ሌላው የደም ስር ብግነት መካከለኛና ትንንሽ ደም ስሮች ላይ ስለሆነ ሲቲ ሊያመልጠው ይችላል፣ በካቴተር (ደም ስር ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚደረግ አንጂዮግራፊ፣ ማለትም የደም ስር ምስል፣ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፣ ሄፓታይተስ ቢም አብሮ ይታያል።

ሪፈር ስትባሉ ደሞ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ያዙ፣ ጥበቱ ባሰ ወይስ ባለበት ነው የሚለው ከድሮው ምስል ጋር ሲነጻጸር ነው የሚታወቀው።